አባባ ቾል በአፋቸው ያቆዩት ዘፈን

ሰው ሲያወራ ጆሮዬን ቀስሬ መስማት ከልጅነቴ ያልለቀቀኝ አመል ነው። እናቴ «ይቺ ልጅ ጎረቤት ሲጣላ ራቷን ትረሳለች» ትለኝ ነበር። እግዜር አመሌን አይቶ መሰለኝ እንጀራዬንም እዚያው ላይ አደረገልኝ። ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለችኝ። ሰርግ እቀርጻለሁ፣ የመዘምራን ክሊፕ እሠራለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ከሁሉ የምወደው ግን ድምፅ መቅዳት ነው። ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ሰው እዚያ ማዶ ቆሞ የሚያንሾካሹከው ሁሉ አጠገቤ ይመጣል፤ ከዚህ የበለጠ ደስታ አላውቅም።

አባቴ ከጎሬ ለንግድ ወርዶ እዚሁ ቀረ፣ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። ደገኛ ናት የሚሉኝም የጋምቤላ ልጅ ናት የሚሉኝም አሉ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ኑዌርኛ ለገበያ የሚበቃኝን ያህል እሰማለሁ። ዓሣ ስገዛ መከራከር እችላለሁ፣ ሲሰድቡኝም ይገባኛል። ዘፈን ሲሆን ግን የምይዘው ዜማውን ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ ለእኔ ዘፈን ማለት የማንም ያልሆነ ነገር ነበር። ሰርግ ላይ ጥሩ ድምፅ ከሰማሁ ቀድቼ ቴሌግራም ላይ እለቀዋለሁ፣ ሰው ሲቀባበለው አይቼ ደስ ይለኛል፣ አለቀ።

አንድ ቀን ብሩክ የሚባል ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። በየክልሉ ስላሉ የባህል አርቲስቶች ዘጋቢ ፊልም እየሠራ ነው፤ ለጋምቤላው ክፍል ድምፅ የሚቀዳለት ሰው ይፈልጋል። እሺ ለማለት ጥያቄውን እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቅኩም። አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ስቀበለው ገና ከደረጃው ሲወርድ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሞቀው?» አለኝ።

«አይ፣ ዛሬስ ቀዝቀዝ ብሏል» አልኩት። ያመነኝ መሰለኝ፤ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ይዞ ዝም ብሎ ተከተለኝ።

ሊቀርጻቸው የመጣው ሰው አባባ ቾል ይባላሉ። ኒውላንድ ውስጥ፣ ከእኔ ስቱዲዮ ብዙም ሳይርቅ፣ ከወንድማቸው ልጅ ከማርታ ጋር ነው የሚኖሩት። ማርታ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ የቤተ ክርስቲያኗን መዘምራን ስቀርጽ ነው የተዋወቅነው። አባባ ቾል ከድንበሩ ማዶ ጦርነቱ ሲጀመር ናስር ከምትባል ከተማ ሸሽተው የመጡ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግንባራቸው ላይ የጎልማሳነት ምልክታቸው የተሰመረ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ትንሽ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላሉ። ገና ሄድፎን አድርጌ ሲያዩኝ ስም አወጡልኝ።

«ጆሮ መጣህ?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ጆሮ ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ጥሩ ነበር። አባባ ቾል ማንጎው ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ዘፈን ዘፈኑልን። ድምፃቸው ዕድሜያቸውን አይመስልም፤ ሲዘፍኑ ሁለት ክንዳቸውን እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ ያነሳሉ። ከዚያ ሌላ ዘፈን እንዲጨምሩ ብሩክ ሲጠይቃቸው ለማርታ አንድ ነገር ነገሯት። ማርታ ወጥታ ጎረቤት ያለ ሰውዬ ጠርታ መጣች። ሰውየው ፊታችን ተቀመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እሳቸውም ዘፈኑ። ሲጨርሱ ሰውየው ተነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ መቼም ዝም ማለት አይሆንልኝም። «ማርታ፣ ሰውየው ለምን መጣ?» አልኳት።

«ዘፈኑ የእሱ ነዋ» አለችኝ።

«የዘፈኑት እሳቸው ናቸው። የገጠሙትም እሳቸው ናቸው ብለሽኛል።»

ማርታ በአስተማሪነቷ ቀስ ብላ አስረዳችን። በእነሱ በኑዌሮች ልማድ አንድ ወጣት በሬ ሲሰጠው በበሬው ቀለም ስም ይወጣለታል፤ ሰው በዚያ ስም ይጠራዋል። በሬውንም ራሱንም የሚያወድስበት ዘፈንም ይኖረዋል። መግጠም የማይችል ከሆነ ገጣሚ ዘንድ ሄዶ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ሁሉ ይነግረዋል። ገጣሚው ሠርቶ ሲጨርስ ስንኝ በስንኝ በቃሉ ያስጠናዋል። ባለቤቱ ከወሰደው በኋላ ዘፈኑ የሰውየው ነው፤ ሌላ ሰው እሱ ሳይፈቅድ አይዘፍነውም።

«ገጣሚውስ ምን ይቀረዋል?» አለ ብሩክ።

አባባ ቾል ጥያቄው ገብቷቸው ሳቁ። «ቤት የሚሠራ ሰው፣ የሰው ቤት ውስጥ ይተኛል?» አሉ።

ብሩክ ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ማርታ ዞሮ ስልክ ላይ ነግራው የነበረውን አነሳ። አባባ ቾል በየማለዳው ሰው ሳይነሳ ብቻቸውን ተቀምጠው የሚያንጎራጉሩት አንድ ዘፈን አለ፤ ሰው ሲጠጋቸው ያቆማሉ፣ የቤቱ ልጆች እንኳ ሰምተውት አያውቁም። ብሩክን ከአዲስ አበባ ድረስ ያመጣው ያ ዘፈን ነበር።

አባባ ቾል ፊታቸው ተለወጠ። ለማርታ በኑዌርኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ዘፈኑ ኮንግ የሚባል ሰው በሬ ዘፈን ነው። ኮንግ ናስር እያሉ መጥቶ ታሪኩን ነግሯቸው ነበር። እሳቸው ዘፈኑን ሠርተው ጨረሱ፤ ኮንግ መጥቶ ሳይወስደው ጦርነቱ ተነሳና ሁሉም በየአቅጣጫው ሸሸ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ዘፈኑ እስኪወሰድ ድረስ አደራ ነው፤ ባለቤቱ ሳይሰማው ሌላ ሰው አይሰማውም። እንዳይጠፋባቸው ነው በየማለዳው የሚሉት።

«ኮንግ ይመጣል» አሉ በአማርኛ። «ባለቤት ነው የሚመጣ። ገጣሚ አይሄድም።»

ብሩክ ተስፋ ሳይቆርጥ ባትሪ ልቀይር ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። አባባ ቾልም ትንሽ ልረፍ ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ዞሩ። የደረታቸው ማይክ አልተነሳም፤ እኔም ሄድፎኔን አላወለቅሁም ነበር። ገመዴን እየጠቀለልኩ ሳለ ጆሮዬ ውስጥ ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ዘፈን ተጀመረ።

የብሩክ ጥያቄ ዘፈኑን ቀስቅሶባቸው ኖሮ ደህና መሆኑን ሊያዩት ፈልገው ነው። ቃሉ አልገባኝም። ዜማው ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሩቅ የሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ የሚራመድበት ዓይነት ዜማ ነው፣ ከፍ አይልም፣ አይቸኩልም። ገመዱን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ወደ ልቤ ስመለስ ዘፈኑ አልቋል፣ የመቅጃዬ ቀይ መብራት ግን አሁንም እንደበራ ነው።

ለብሩክ ነገርኩት። ሄድፎኑን ከጆሮዬ ነጥቆ ሰማ፤ ሰምቶ ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሰናይት፣ ፊልሙ ይሄ ነው» አለኝ። «ሌላው ሁሉ ይሄን ለማጀብ ነው።»

«አልፈቀዱም እኮ። ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ቆይ አስቢው። ሰውየው አርጅተዋል። ኮንግ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ይሄ ዘፈን በዓለም ላይ ያለው በዚህች ካርድ ብቻ ነው። አጥፊ ቢሉሽ ልታጠፊው ነው?»

 የሚለው ነገር እውነት ነበረው፣ እኔም ዘፈኑ እንዲጠፋ አልፈልግም ነበር። ግን አባባ ቾል ከቤቱ ጀርባ ብቅ ሲሉ እግሬ ራሱ ወደ እሳቸው ወሰደኝ። ማርታን ጠርቼ ሁሉንም አስነገርኳቸው፤ ማይኩ ደረታቸው ላይ እንደነበረ፣ ማሽኑ እንደያዘው።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው መቅጃውን በጣታቸው ዳበሱት።

«ሁሉን ያዘ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«አይረሳም?»

«አይረሳም።»

«አምጣ፣ ልስማ።»

ሄድፎኑን አደረግሁላቸው። የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ መጀመሪያ እንደ ሕፃን ሳቁ፣ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን እየጠበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። መሃል ላይ ጣታቸው ቆመ። «መልስ» አሉኝ። መለስኩ። እንደገና ያው ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። እንደገና መለስኩ። ከዚያ ሄድፎኑን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ማርታን በኑዌርኛ አንድ ነገር ጠየቋት። ማርታ ወደ እኛ ዞረች።

«በሬው ወንዙ ዳር ይደርሳል» አለች። «ከዚያ ደግሞ ማዶ ሜዳው ላይ ሣር ሲግጥ ነው። ወንዙ የት ሄደ ነው የሚሉት።»

ከመሃል አንድ ሙሉ ክፍል ወጥቷል። በየማለዳው ሲሉት ሙሉ የመሰላቸው ዘፈን ሙሉ አልነበረም። መቼ እንደጎደለ አያውቁም። አፋቸው ጉድለቱን እየዘለለ ሲሄድ ጆሯቸው አልነገራቸውም። እዚያው እንደተቀመጡ የወንዙን ቦታ ለማምጣት ሞከሩ፤ ከወንዙ ዳር ይጀምራሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ብሩክ ካሜራውን አላነሳም፤ እኔም ፊታቸውን ማየት ከበደኝና የማንጎውን ቅጠል ስቆጥር ቆየሁ።

«ኮንግ ዛሬ ቢመጣ ምን እሰጣለሁ?» አሉ በመጨረሻ። «ወገቡ የተሰበረ በሬ እሰጣለሁ?»

ከዚያ ያልጠበቅነውን ነገር ተናገሩ። አይሄድም ያሉት ገጣሚ፣ ሰውየውን ፈልጉልኝ አሉ። ሌላውም የሚጠፋ ከሆነ ያለውን ይውሰድ፣ ነገ ደግሞ ሜዳውም ይጠፋ ይሆናል አሉ። ማርታ ስልኳን አወጣች። እኔ «ኮንግ የሚባል ሰው ስንት ሺህ አለ፣ እንዴት ተደርጎ ይገኛል?» ስል አባባ ቾል እንደ ሞኝ አዩኝ።

«በአባት ስም አትጠይቅ። በበሬ ስም ጠይቅ» አሉኝ።

የበሬውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ የዘፈኑ መነሻ እሱ ነው። ማርታ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎቿ ደወለች፣ እነሱም ለሌላ፣ ሌላውም ለሌላ። እውነት ለመናገር እኔ ምንም አልጠበቅኩም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስቱዲዮዬን ልከፍት ስል ማርታ ደወለችልኝ። ያ የበሬ ስም ያለው ኮንግ በስደት መንገድ ላይ ሞቷል። ግን ልጅ አለችው፤ ኛማል ትባላለች፣ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ናት።

አባባ ቾል የኮንግን መርዶ ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ «ልጅ አለ?» አሉ። «ሴት ነው? ይሁን።» ወደ ቤት ገብተው ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው ወጡ።

ብሩክ ጀዊ የሚገባበትን የቀረጻ ፈቃድ ቀደም ሲል አውጥቶ ነበር። ተከራይቶ የመጣውን መኪና ራሱ እየነዳ አራታችን ሄድን። አባባ ቾል ከኋላ ከእኔ አጠገብ ነበሩ። መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ወንዙ ዳር ይደርሳሉ፣ ይቆማሉ። የጎደለ ዘፈን ይዘው ወደ ሟች ልጅ መሄዳቸው ነው ያሳፈራቸው። አንድ ጊዜ ማርታን «መልሱኝ» ብለዋት ነበር፤ ማርታ ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፣ እንደገና ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፤ ያ ወንዝ ውስጥ ምን ነበር?

ኛማል መጠለያዋ ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ የጎረቤት ልጅ ፀጉር እየሠራች አገኘናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። «ማሌ» ብለን ሰላምታ ሰጠናት፣ «ማሌ» ብላ መለሰች፣ ወንበር አስመጣችልን፣ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም። አባባ ቾል ማን እንደሆኑ፣ ምን ይዘው እንደመጡ ነገሯት። ሰምታ ስትጨርስ መለሰችላቸው፤ ማርታ ተረጎመችልን።

«የበሬውን ዘፈን አልፈልግም ነው የምትለው። እኔ የመዘምራን አባል ነኝ፣ የምዘምረው አለኝ አለች።»

አባባ ቾል ምርኩዛቸውን አቅርበው ሊነሱ ነው። ብሩክ ካሜራውን ይዞ እኔን አየኝ፣ እኔ ማርታን አየኋት። ጠያቂው ብሩክ መሆን ነበረበት፣ ግን አመሌ ቀደመኝ።

«በመዝሙሩ ምክንያት ብቻ ነው? ወይስ በሬውን ትጠላዋለች? ጠይቂልኝ» አልኳት።

ማርታ ትንሽ አመንትታ ጠየቀቻት። ኛማል እጇን ሳታቆም፣ ቀና ሳትል፣ ረጅም ነገር ተናገረች። የገባኝ ወንዝ የሚለው ቃል ብቻ ነው። ንግግሯን ሳትጨርስ የአባባ ቾል ምርኩዝ መሬት ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ቆመዋል። ምን እንደተባለ የማናውቀው እኔና ብሩክ ብቻ ነበርን። «ማርታ፣ ምን አለች?» አልኩ። 

ኛማል ያለችው ይሄ ነው። «አባቴ የሚያወራው ስለዚያ በሬ ብቻ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጎርፍ መጣና ወንዙን መሻገር ነበረብን። እናቴ ታናሼን ይዛ በታንኳ ሄደች። እኔን አባቴ የበሬውን ጅራት ያዢ አለኝ። እሱ ከበሬው ፊት ቀድሞ ዋኘ። ውሃው አፌ ውስጥ ይገባል፣ እጮኻለሁ፣ እጠራዋለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየኝም። ይዘፍን ነበር። እኔ ልሞት እሱ ለበሬው ይዘፍን ነበር።»

አባባ ቾል ወደ እሷ ሄደው መሬት ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። እንደዚያ ያለ ሽማግሌ ከአንዲት ልጅ እግር ሥር መቀመጡ ነውር ነውና ማርታ ልታነሳቸው ተንደረደረች፤ በእጃቸው ከለከሏት። ቀስ ብለው ተናገሩ። ማርታ ከሥር ከሥር ተረጎመችልን።

«ጅራቱን የያዝሽው አንቺ ነሽ? አባትሽ ስለ በሬው ቀለም የነገረኝ ጥቂት ነው። ስለዚያ ወንዝ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ነው የነገረኝ። በሬው የሚከተለው የእኔን ድምፅ ነው አለኝ። ልጄ ስትጮህ ዞሬ ካየኋት ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ካልኩ በሬው ድምፄን ፍለጋ ይዞራል። በሬው በዚያ ጎርፍ መሃል ከዞረ ጅራቱ ከእጇ ይወጣል። ስለዚህ አልዞርኩም አለኝ። ጩኸቷን እየሰማሁ ዘፈንኩ። እሷ ዝም ያለች ጊዜ ደግሞ ያለች ይሁን የሌለች ሳላውቅ ዘፈንኩ። ማዶ ስደርስ ነው ዞሬ ያየኋት። ይሄን ለእሷ መናገር አልችልም፣ አፌ እንቢ ይለኛል፣ አንተ ዘፈኑ ውስጥ አድርግልኝ፣ ስታድግ ትሰማዋለች አለኝ።»

የኛማል እጅ ያን ጊዜ ነው የቆመው። የልጅቷ ፀጉር ግማሽ እንደተሠራ ቀረ። አላለቀሰችም፤ አፏን በመዳፏ ይዛ ወደ መሬት ስታይ ቆየች። እኔ ግን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

አባባ ቾል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ወንዙ ዳር ደረሱ፣ ይቆማሉ ስንል አልቆሙም። ትንፋሻቸው ሲሰበሰብ በሄድፎኑ ይሰማኛል። ዘፈኑ ሊወጣ አፋቸው ላይ ደርሶ ሳለ ድንገት ዓይናቸውን ገልጠው እኛን አዩን። ከዚያ ኛማልን ጠየቋት። አሁን የዘፈኑ ባለቤት እሷ ናት።

«ይሄ ማሽን ይስማ?» ነው ያሏት።

ኛማል ካሜራውን አየች፣ ፀጉራም ሽፋን ያለውን ማይኬን አየች፣ እኔን አየች። ብሩክ በካሜራው ሥር በጣቱ «እንዳታጠፊ» የሚል ምልክት እያሳየኝ ነው። ኛማል ለማርታ አጭር ነገር ተናገረች።

«ዓይኑ ይይ። ጆሮው አይስማ» ብላ ተረጎመችልን ማርታ።

መቅጃዬን አጠፋሁ፣ ቀዩ መብራት መጥፋቱን ወደ ኛማል አዙሬ አሳየኋት። የብሩክ ካሜራም የራሱ ማይክ ነበረው። «ዝጋው» አልኩት። ፊቱን አጨማዶ አየኝ፣ ከዚያ ኛማልን አየ፣ ዘጋው። እኔ ተነስቼ ልሄድ ስል አባባ ቾል በአማርኛ ጠሩኝ።

«ጆሮ፣ ተቀመጥ። ማሽን ይተኛ፣ አንተ ተቀመጥ።»

ሄድፎኔን አወለቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ሄድፎን ስሰማ ትዝ አይለኝም። የዶሮ ጩኸት ይገባል፣ ሩቅ ጄነሬተር ይጮኻል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ በዚያ ሁሉ መሃል ሽማግሌው ዘፈኑ። ወንዙ መጣ። ቃሉን አልሰማሁትም፣ ማለቴ አልገባኝም፣ ቢገባኝም አልጽፍላችሁም ነበር። ዜማው ግን እዚያ ቦታ ላይ ይለወጣል፤ እስትንፋስ ሳይወሰድ በአንድ ይሄዳል፣ ማዶ እስኪደረስ አይቆምም። ኛማል ያለቀሰችው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ስንኝ በስንኝ ያስጠኗት ጀመር። እሳቸው ይላሉ፣ እሷ ትደግማለች፣ ትሳሳታለች፣ በምርኩዛቸው መሬቱን ነካ አድርገው ይመልሷታል። መዘምር መሆኗ ጠቀማት፤ ጎብኚ ከካምፑ መውጫ ሰዓቱ ሳይደርስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን ዘፈነችው። አባባ ቾል ሲሰሟት ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፣ የትም ቦታ አልቆመም።

ልንሄድ ስንል የመጀመሪያውን ቀን ካርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ለኛማል ሰጠኋት። ሌሎቹን ዘፈኖች ጠዋት ወደ ላፕቶፔ አዛውሬ ስለነበር ካርዷ ላይ የቀረው ያ ከቤቱ ጀርባ የተያዘው ዘፈን ብቻ ነው። «ይሄ ሳይፈቅዱ የተያዘ ነው፣ ባለቤቱ አንቺ ነሽ» ብዬ አስነገርኳት።  ብሩክ ከተማ እስክንገባ አላናገረኝም። አባባ ቾል ግን ጭንቅላታቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም ነበር።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ብሩክ ይዞት መጣና ጋምቤላ ውስጥ በአንድ አዳራሽ አሳየን። የጀዊው ክፍል ሲደርስ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት መሬት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ ከኋላ አንዱ «ድምፁን ክፈቱት እንጂ» አለ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት አባባ ቾል ሳይዞሩ «ክፍት ነው፣ ለባለቤት» አሉ።  ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ የሁለቱን ከንፈር ያይ ጀመር። ብሩክን አየሁት፤ ፈገግ ብሎ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ ከፊልሙ ሁሉ ሰው የሚጠይቀው ስለዚያ ክፍል ነው።

አባባ ቾል አሁንም አሉ። ማርታ እንደምትለኝ ማለዳ ተነስቶ ማንጎራጎር ቀርቷል፣ ፀሐይ እስክትወጣ ይተኛሉ። የልጆቹን ስም አንዳንዴ ይስታሉ። እኔን ግን ከሩቅ በእግሬ ኮቴ ያውቁኛል፣ «ጆሮ» ይሉኛል።

እኔስ? ሰው በሥራው መሃል እንዲህ ይለወጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ቴሌግራም ላይ የለቀቅኳቸውን የሰው ድምፆች አንድ በአንድ እየፈለግኩ አጠፋሁ፤ ባለቤቶቻቸውን ያገኘሁላቸውን ጠየቅኩ፣ ግማሾቹ ደስ አላቸው፣ አንዷ ግን ለምን ሳትጠይቂኝ ብላ አለቀሰችብኝ። አሁን ቀዩን መብራት ከማብራቴ በፊት ይሄ የማን ነው እላለሁ፤ የሰርግ ሰው በችኮላው መሃል ስጠይቀው ይበሳጭብኛል፣ ይበሳጭ። ኑዌርኛም ከማርታ እየተማርኩ ነው። ካደግኩባት ከተማ ግማሹን ወሬ ሳልሰማ መኖሬ አሁን ነው የቆጨኝ። እናንተም ስልክ በኪሳችሁ ይዛችሁ የምትዞሩ ሁሉ፣ አባታችሁ ስትጠሩት ያልዞረላችሁ ቀን ካለ፣ ያኔ ምን እያደረገ እንደነበር የሚያውቅ ሽማግሌ ሳያልፍ ፈልጉት።

በቅርቡ ኛማል ለሕክምና ወደ ከተማ መጥታ ስቱዲዮዬ ገባች። ካርዷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ያቺኑ ትንሽ ኑዌርኛዬን አውጥቼ «ለምን?» አልኳት።

«አጥፊው» አለችኝ። «ይሄ ወንዝ የሌለው ነው።»

እሷ እያየች አጠፋሁት። ካርዷ አሁን የሰርግ ድምፅ ትይዛለች። ዜማው ግን እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ አንዳንዴ ዕቃ ሳጥብ ሳላስበው አፌ ላይ ይመጣል። ወንዙ ዳር ሳይደርስ አቆመዋለሁ።